አንድ ዐይን ያላቸው መላእክት

ባለፈው ጳጉሜን በመቀሌ ሓወልቲ ሰፈር በሚገኘው የልጅ ልጄ ቤት ጥቂት ቀናት ሰንብቼ ነበር። የቤቱ ትንሿ ልጅ ገና አምስት ዓመት አልሞላትም። ከመዋዕለ ሕፃናቷ ለክረምት ዕረፍት የተሰጣትን ወረቀት ምንጣፍ ላይ ዘርግታ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ አንዲት አደይ አበባ ቢጫ ትቀባለች። ከወረቀቱ ግርጌ ለወላጆች የተጻፈ ማሳሰቢያ ነበረ፤ ቀለም መቀባት የሕፃናትን የጣት ጡንቻ እንደሚያጠነክርና እጃቸውን ለጽሕፈት እንደሚያዘጋጅ ይገልጻል። እናቷ ነገሩን የዘመኑ ግኝት አድርጋ አስረዳችኝ። እኔም ዝም ብዬ አዳመጥኩ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ቢናገር ዳግመኛ የሚጋብዘው አያገኝም። እውነቱን ለመናገር ግን ይህንኑ ማሳሰቢያ ከሰማንያ ዓመት ግድም በፊት፣ በዚችው ከተማ፣ ዐይናቸው ከደከመ አንድ ቄስ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ከዚህ በታች ስለማወጋው ሁሉ ልማል አልደፍርም። ከፊሉን በዐይኔ አይቻለሁ፤ ከፊሉን እናቴ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ከፊሉን ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ራሴ ሠርቼው ይሆናል። ስለ ዶሮዋ ግን እርግጠኛ ነኝ።

አባቴ ከሸዋ መጥቶ በመቀሌ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የተቀጠረው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ከእጁ ጽሕፈት በቀር የሚኮራበት ሀብት አልነበረውም። ፊደሎቹ አንገታቸውን አቅንተው እንደ ሰልፈኛ ይቆማሉ። ተከራካሪዎች ፍርዱ ባይጥማቸው እንኳ ግልባጩን አይተው ይጽናናሉ ይባል ነበር፤ ይህን የሚለው ግን አባቴ ራሱ ስለሆነ በጥንቃቄ መቀበል ይገባል።

የዚህ ሰው የበኩር ልጅ እኔ ነበርኩ። በሰባት ዓመቴ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አልችልም ነበር። ጣቶቼ አምስት ሆነው ሳለ ሁሉም በአንድነት ካልሆነ በቀር መንቀሳቀስ አይወዱም። ብዕር ሲሰጡኝ በሙሉ መዳፌ እንደ ዘነዘና ጨብጬ ወረቀቱን እወጋዋለሁ። በክረምቱ መግቢያ ሦስት የብዕር ጫፍ በተከታታይ ከሰበርኩ በኋላ አባቴ አራተኛውን ቀምቶኝ ከኪሱ ከተተው፤ ከዚያም መዝገብ ቤት የገባ የተሳሳተ ሰነድ እንደሚያይ ሰው እጄን አገላብጦ ተመለከተ።

ነገሩ ከማሳፈር ያለፈ ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በየመስከረሙ አዲስ ተማሪ ሲቀበል፣ ዳይሬክተሩ ሕፃኑን ከፊታቸው አስቀምጠው ስሙን ከነአባቱ በብዕር ያስጽፉታል። የጻፈ ይመዘገባል፤ ያልጻፈ ይመለሳል። እኔ በቀደመው ዓመት ተመልሻለሁ። አንድ ቀን ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ አባቴ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ፤ ዘንድሮም ከተመለስኩ፣ ከመስቀል በኋላ በጭነት መኪና ተጭኜ ደብረ ብርሃን ወዳለው አጎቴ እላካለሁ። አጎቴ ቆዳ ነጋዴ ነው፤ ለብዕር ያልሆነ እጅ ለቆዳ አያንስም። በማግሥቱ እናቴ ከአቡጀዲ ከረጢት ስትሰፋ አየኋት። ከረጢቱ ለልብሴ እንደነበረ ዛሬ ዐውቃለሁ። ያኔ ግን እኔን ራሴን ሊከቱበት የምትሰፋው መስሎኝ፣ እገባበት እንደሆነ ለመሞከር ጉልበቴን ከአገጬ አገጣጥሜ መተኛት ጀመርኩ። ያስጨነቀኝ ጠባብነቱ አልነበረም፤ ያስጨነቀኝ እናቴ አብራኝ የማትገባ መሆኗ ነው።

እናቴ ግን ከረጢቱን እየሰፋች ሌላ ነገርም ታስብ ኖሯል። ከአጥራችን ማዶ አቦይ ቀሺ ሐጎስ የተባሉ ሽማግሌ ቄስ ይኖሩ ነበር፤ «አቦይ» የአገሩ ሰው አባቴ ሲል ነው፣ «ቀሺ» ደግሞ ቄስ ነው። በጎልማሳነታቸው በየገጠሩ እየዞሩ የአብያተ ክርስቲያናትን ግድግዳ የሣሉ ሰው ናቸው። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ዐይናቸው ጨልሞ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም ነበር። እናቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። እሳቸውም መዳፌን ተቀብለው እያንዳንዱን ጣት ከሥሩ እስከ ጫፉ እየጨመቁ መረመሩት።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ይህ እጅ አልታመመም፤ ሥራ ፈት ነው» አሏት። «ልጅ በብዕር አይጀምርም። ብዕር ቁጡ ነው። በቀለም ይጀምር፤ ቀለም ይታገሣል።»

እናቴ ይህን ስትሰማ የአገሯ ወግ ትዝ አላት። በሸዋ ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ መልአክና አበባ ሥለው ለጎረቤት ያድላሉ፤ መቀሌ ከመጣች ወዲህ ያ ወግ ናፍቋት ነበር። እናም እስከ ዐዲስ ዓመት አምስት መላእክት እንድሠራ ተስማሙ፤ አንዱ ለራሳቸው ለአቦይ ቀሺ፣ አንዱ ለቤታችን፣ ሁለቱ ለጎረቤት። አምስተኛውን ያዘዘው አባቴ ነው፤ እጄ መፍታታቱን ከምዝገባው በፊት እንዲያዩ ለዳይሬክተሩ ይሰጥ አለ። ይህን ትእዛዝ የሰጠው እሱ መሆኑን ኋላ ላይ ፈጽሞ አላነሣውም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ቀለም የሚባል ነገር አላየሁም። አቦይ ቀሺ የፍየል ጭራ ከፊቴ አስቀምጠው ፀጉሩን አንድ በአንድ እየነቀልኩ እንዳስረክባቸው አዘዙኝ፤ ሁለት አጣብቄ ከሰጠሁ በጣታቸው ለይተው ይመልሱልኛል። ከዚያ ፀጉሩን በእንጨት ጫፍ ላይ በክር ማሰር፤ ከዚያ ጥላሸት በድንጋይ ላይ በሦስት ጣት ብቻ ማሸት። ቀይ አፈሩን ከኲሓ መንገድ ዳር፣ ነጩን ዝናብ ካለሰለሰው የኖራ ድንጋይ እንቆፍራለን፤ ሰማያዊው ነጭ ልብስ ሲታጠብ የሚጨመረው ዱቄት ነው። ወረቀቱን አባቴ ከፍርድ ቤቱ ግምጃ ቤት አመጣው፤ ጣሊያኖች ትተውት የሄዱት፣ በአንድ ወገኑ ሠንጠረዥ የታተመበት ነበር። ስለዚህ መላእክቶቼ ሁሉ በጀርባቸው የአንድ ቢሮ ቅጽ ተሸክመው ነው የተፈጠሩት።

አቦይ ቀሺ በግራ አውራ ጣታቸው ወረቀቱን እየዳበሱ በቀኛቸው በከሰል መስመሩን ያወጡልኛል፤ ክንፍ፣ ቀሚስ፣ ሰይፍ፣ ለራሱ ደግሞ ባዶ ክብ። የእኔ ሥራ መስመሩን ሳልሻገር መሙላት ነው። ቀለሙ ሲደርቅ በጣታቸው ጫፍ ዳርቻውን ይከተሉታል፤ የተሻገረ እንደሆነ አይቆጡም፣ «ወደይ፣ ልጄ፣ ይህ መልአክ ቀሚሱ ላይ መረቅ አፍስሷል» ይሉኛል። ቀለም እንደ ከብት ነው ይሉም ነበር፤ አንድ ጊዜ የሰው ማሳ ካሳየኸው አይመለስም። በነሐሴ አጋማሽ ሸሚዜን ራሴ ቆለፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ እናቴ ግን አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ቀለሙ ከወረቀቱ እንዲጣበቅ የእንቁላል አስኳል ያስፈልጋል። ጊዜው ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነበር፤ እኔም ሰባት ዓመት ስለሞላኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ጿሚ ሆኛለሁ። እንቁላሉን የምትሰጠን ሌላዋ ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃን ናት፤ «አደይ» በአገሩ እናቴ ማለት ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ገብስማ ዶሮ ያላት፣ ጸሎተኛ ሴት። በጾሙ እንቁላል የሚበላ ስለሌለ ለመላእክት ሥራ መዋሉ ደስ አሰኝቷታል። ከዕለታት አንድ ቀን አቦይ ቀሺ ለጸሎት ገለል ሲሉ እንቁላሉን ሰብሬ አስኳሉን በቅርፊቱ ይዤ ቀረሁ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። አስኳሉ ወርቃማ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ጠጣሁት። ቀለሙን በቀረው የእንቁላሉ ነጭ ውሃ በጠበጥኩት።

በማግሥቱ የመልአኩ ቀኝ ክንፍ ተቀርፎ ወደቀ። አቦይ ቀሺ የተቀረፈውን በጣታቸው ፈርፍረው አስኳሉ የት እንደደረሰ ጠየቁኝ። እንቁላሉ አስኳል አልነበረውም አልኳቸው። ያን ጊዜ ያመኑኝ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ እጠራጠራለሁ። የሆነ ሆኖ ነገሩን ለአደይ ለተብርሃን ነገሯት፤ እሷም በፍልሰታ አስኳል የሌለው እንቁላል የምትጥል ዶሮ ተራ ነገር አይደለችም ብላ፣ በማግሥቱ ማለዳ ዶሮዋን ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ጸበል ወሰደቻት። ዶሮዋ ርሳና ተቀይማ ተመለሰች፤ ለዐሥር ቀን ያህልም አልጣለችም። በሌላ ፍጡር ላይ ያደረስኩትን በደል ሳስብ ቀድማ የምትመጣብኝ እሷ ናት።

መላእክቱ ከፊታቸው በቀር አለቁ። አቦይ ቀሺ ፊቱን ለእኔ ተዉልኝ፤ የመጨረሻው ፈተናዬ ነበር። ዐይን በስተመጨረሻ የሚሣለው ከተሣለ በኋላ ሥዕሉ ስለሚያይ ነው አሉኝ። እሳቸው ምን ለማለት እንደፈለጉ አላውቅም፤ እኔ ግን ቃል በቃል ተቀበልኩት። ሰይፍ የያዙ አምስት መላእክት ዐይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የሚያዩት አስኳል የጠጣውን፣ በዶሮ ላይ በሐሰት የመሰከረውን እኔን ነው። የተዘጋ ዐይን ልሥልላቸው አሰብኩ፤ የሞቱ እንዳይመስሉ ተውኩት። ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ከታች በኩል ያሉት ትዝ አሉኝ፤ ከጎን የተሣሉ፣ አንድ ዐይን ብቻ ያላቸው፣ ወደ ሌላ የሚመለከቱ። እነዚህን ሁልጊዜ የሰው ገመና ላለማየት ፊታቸውን የሚመልሱ ጨዋ ሰዎች አድርጌ ነበር የማያቸው። አምስቱንም እንደነሱ ከጎን ሣልኳቸው፤ ሁሉም በአንድ ዐይን ወደ ቀኝ፣ ከእኔ ርቀው ወደ አጥሩ ያያሉ። እጄ በሕይወቴ እንደዚያ ታዝዞኝ አያውቅም፤ ሽፋሽፍቱን እንኳ አንድ በአንድ አወጣሁት።

አንባቢ እንደሚያውቀው በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይን ይሣላሉ። ከጎን፣ በአንድ ዐይን የሚሣሉት ሰይጣንና ጭፍሮቹ ናቸው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የሚያውቁት አቦይ ቀሺ ደግሞ አያዩም፤ አውራ ጣታቸውን በሽፋሽፍቱ ላይ በስሱ አሳልፈው፣ «አሁን እጅ ሆነ» አሉና መረቁኝ።

የዐዲስ ዓመት ማለዳ ሥዕሎቹን ጠቅልዬ በክር አስሬ ወጣሁ። አባቴና እናቴ ገና ከቅዳሴ አልተመለሱም ነበር። መጀመሪያ ለዳይሬክተሩ አደረስኩ፤ ዘበኛቸው ተቀበለኝ። ከዚያ ወደ አደይ ለተብርሃን ሄድኩ። ሥዕሉን ዘርግታ አየችው፤ አማተበች፤ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለእርስዎ ነው፣ ቤትዎን ይጠብቅልዎ ብዬ እናቴ ያስጠናችኝን ቃል አልኳት። ቆሎውን እጇን በሩቁ ዘርግታ ሰጠችኝ። በኋላ እንደሰማሁት ሥዕሉ ላይ ጸበል ብትረጭበት ሰማያዊው ክንፍ ወደ ቀዩ ቀሚስ ፈሰሰ፤ ከዚያም ወደ ዶሮዋ ዞራ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት።

ቀጥዬ የሰጠኋቸው ሌላው ጎረቤታችን ጋሼ እንድሪስ ግን ደስ አላቸው። ከወሎ የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ ጨርቅና የአሞሌ ጨው ይሸጣሉ፤ የቤተ ክርስቲያን የዐይን ሕግ አይመለከታቸውም። የጎረቤት ልጅ ያመጣውን ስጦታ ማክበር ይገባል ብለው ከጨው ክምሩ በላይ ሰቀሉት። ከሰዓት በኋላ ወደ አባቴ መጥተው፣ ዛሬ ገበያተኛው ሁሉ ከደጄ ገብቶ ቀና ይልና ፈጣሪውን ጠርቶ ይወጣል፣ ምን አጥፍቼ ይሆን ብለው በትሕትና ጠየቁ።

አባቴ ግን ያን ጊዜ ነገሩን ዐውቆታል። ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ቀድማው የደረሰችው እናቴ የቤታችንን መልአክ ከአልጋው ራስጌ ሰቅላ እያደነቀችው ነበር። አባቴ ነጠላውን ሳያወልቅ ቀርቦ አየው።

«የዳይሬክተሩም እንዲህ ነው?» አለኝ።

«የእሳቸውማ ይበልጣል» አልኩት ደስ ብሎኝ፤ «የእሳቸው ሁለት ሰይፍ ነው የያዘው።»

አልጋው ላይ ተቀመጠ። የበዓሉ ዳቦ ገና አልተቆረሰም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለእናቴ ከረጢቱን ጨርሺው አላት።

እናቴ የዚያኑ ዕለት ወደ አቦይ ቀሺ ወሰደችኝ። ነገሩን ስትነግራቸው አጥሩን ይዘው እስኪደገፉ ድረስ ሣቁ። ከዚያ ሣቃቸውን አቋርጠው፣ እኔም ከማለዳ ጀምሮ ካመጣልኝ ሥዕል ሥር ቆሜ ስጸልይ ነበር አሉ። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ሲጠይቁኝ ስለ አስኳሉ ተናዘዝኩ። ቅጣቴ ወደ አደይ ለተብርሃን ሄጄ ዶሮዋ ንጹሕ መሆኗን መመስከር ሆነ፤ መሰከርኩ፤ አደይ ለተብርሃንም እኔን ሳይሆን ዶሮዋን ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ወዲያ እስከ ምዝገባው ቀን ድረስ በከሰል ጥንድ ጥንድ ዐይን ከመሣል በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል አሉኝ፤ መጀመሪያው ብቻውን ስለሆነ እንደፈለገ ይሆናል፣ ሁለተኛው ግን ከወንድሙ ጋር መስማማት አለበት። አባቴ ደግሞ በየምሽቱ ስሜንና ስሙን እየጻፈ ያስገለብጠኝ ነበር፤ ተስፋ ግን በፊቱ ላይ አይታይም።

ዳይሬክተሩ ከጎጃም የመጡ፣ ዘመናዊውን ትምህርት ከመያዛቸው በፊት በዜማና በቅኔ ያደጉ ሰው ናቸው። የትኛው ዐይን የማን እንደሆነ የሚነግራቸው አያሻቸውም። በምዝገባው ዕለት ወላጆች በአግዳሚው ላይ ተደርድረው ሳለ ስሜ ተጠራ። አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ከኋላዬ ቆመ። ዳይሬክተሩ መሳቢያቸውን ከፍተው ሥዕሌን አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ይህ ማን ነው?»

«መልአክ ነው።»

«የየትኛው ወገን?»

አባቴ ጉሮሮውን አጽድቶ በፍርድ ቤት ቋንቋ ጀመረ፤ ጌታዬ፣ ጉዳዩ ከልጅነት አለማወቅ የመነጨ እንጂ… ዳይሬክተሩ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ከተማ ከመጣሁ ወዲህ በቃል ብዙ ተሰድቤያለሁ» አሉኝ። «በሥዕል ግን የጀመርከው አንተ ነህ። በል፣ አስተካክልልኝ።» የብዕሩን ጫፍ ከቀለሙ ነክረው ዘረጉልኝ።

እጄን ሳልዘረጋ አባቴ ቀደመኝ። እኔ ላቃናው ጌታዬ፣ የልጅ እጅ ነው፣ ያበላሸዋል አለና ብዕሩን ተቀበለ። በወረዳው ሁሉ የታወቀው ያ እጅ ብዕሩን አጥብቆ ጨበጠው። ጎንበስ አለ፤ ብዕሩ ወረቀቱን ሳይነካ አንዲት ወፍራም የቀለም ጠብታ ከጫፉ ተላቅቃ የመልአኩ ጉንጭ ላይ ወደቀች።

ዳይሬክተሩ ጠብታዋን መረመሩ። «አሁን ደግሞ ኪንታሮት ጨመሩለት» አሉ።

አባቴ እንደቆመ ቀረ። ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ ላይ ያየሁትን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ጥፋት ያጠፋ ልጅ ፊት ነበር። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም፤ ብዕሩን ከጣቶቹ መካከል በቀስታ ወሰድኩት። በሦስት ጣት ያዝኩት። ጠብታዋን ሳላስፋፋ ከላይ አንድ ቅስት፣ ከታች አንድ ቅስት አዞርኩባት፤ ዙሪያዋን ሽፋሽፍት አወጣሁ። ጠብታዋ ብሌን ሆነች። አዲሱ ዐይን ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ጉንጩ መካከል ስለተቀመጠ፣ መልአኩ ለማመን የሚያስቸግር ወሬ የሰማ ሰው መስሎ ነበር።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

«ይጠራጠራል» አሉ። «ይሁን። እኔም እጠራጠራለሁ። ስምህን ጻፍ።»

ስሜን ጻፍኩ፤ የአባቴን ስም ጨመርኩ። የአባቴ ስም የመጨረሻ ፊደል ጥቂት አጋደለች፤ አልወደቀችም። ዳይሬክተሩ መዝገቡን ስበው ጻፉኝ፤ ከዚያም የሚቀጥለውን ልጅ ጠሩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት ከፊቴ ይራመዳል፤ እኔ እከተላለሁ። የገበያውን ሜዳ አለፍን። ከሰው ራቅ ስንል ቆመ፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተመለከተ። ይህን ያየ ሌላ ሰው ስለሌለ የእኔን ቃል ብቻ ማመን ግድ ነው።

«ያችን ጠብታ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሳትፈስ እንዴት ነው ዙሪያዋን ያዞርከው?»

ብዕሩን እንደማልጨብጠው፣ ጣቶቼ ላይ ማረፍ ብቻ እንደሚበቃው ነገርኩት። ባርኔጣውን ከብብቱ ሥር ከተተ። ከዚያም የመቀሌ ፍርድ ቤት ጸሐፊ በመንገዱ መካከል ሦስት ጣቱን ገጥሞ በአየር ላይ አንድ ዐይን ሣለ።

«እንዲህ?»

«ትንሽ ላላ ያድርጉት፣ አባባ» አልኩት።